በነፃ የተጻፈው ማመልከቻ

አምቦ መጥታችሁ ስሜን ብትጠይቁ «ያ ስስታሙ ሙለታ?» ይሏችኋል። እውነታቸውን ነው። ከአውራጃው ፍርድ ቤት አጥር ሥር ጠረጴዛዬን ዘርግቼ ማመልከቻ ስጽፍ ሃያ ዓመት አልፎኛል፤ የእህቴ ልጅ እንኳ ቢመጣ ሁለት ብሬን ሳልቀበል እስክሪብቶ አላነሳም። ሚስቴ ጉዴ «ኧረ እግዜርን ፍራ፣ ከዘመድ ብር ይወሰዳል?» ትለኛለች። ይወሰዳል! አንድ ጊዜ በነፃ ጽፌ የሠራሁትን ጉድ እኔ ነኝ የማውቀው።

ጉዱ የጋሽ አብዱልፈታህ ነው።

ጋሽ አብዱልፈታህ ከስልጤ አገር በጉብዝናቸው ወራት መጥተው፣ መርፌና ክር በትከሻቸው አንግተው እስከ ካቺሲ ድረስ በእግር ሲነግዱ ኖረው፣ ኋላ ገበያው ዳር ባለች አንድ በር ሱቅ የተቀመጡ ሰው ነበሩ። ጨው፣ ሳሙና፣ ላምባ ይሸጣሉ። ኦሮምኛቸው ከእኔ ከተወላጁ የጠራ ነው። ገበሬው «አካም ጂርታ» ብሎ ሲገባ የእሱን፣ የሚስቱን፣ የከብቱን ደኅንነት ጠይቀው ሳይጨርሱ ጨው አይመዝኑለትም። እናቴ የሞተች ጊዜ ሱቃቸውን ሦስት ቀን ዘግተው ለቅሶ ተቀምጠዋል፤ ያውም አንዱ ቀን ቅዳሜ፣ ገበያ። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ኋላ እኔን ያሳሳተኝ ይኸው ውለታ ነው።

እኚህ ሰው የሚመኙት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ መካ ሄደው ካዕባን በዓይናቸው ማየት። ምኞቱ የሙስሊም ሁሉ ነው፤ የእሳቸው ግን ቀን ተቆርጦበት ነበር። ዓይናቸው እየጠፋ ነው። አዲስ አበባ ያያቸው ሐኪም «ይህ ሕመም ከዳር እየበላ ወደ መሐል ነው የሚመጣው። ሁለት ዓመት ቢቆይልዎ ነው። የጠፋውን የሚመልስ መድኃኒት የለም» ብሏቸዋል። የሐጅ ተራ ደግሞ እንደ ስኳር ወረፋ ነው፤ ተመዝግበህ ዓመታት ትጠብቃለህ፣ ከቀበሌ ጀምሮ እስከ ላይ የማይጠየቅ ማኅተም የለም። አላህ ረዳቸውና በሰባ ሰባት ክረምት፣ ዓይናቸው ሳይጨልም፣ ተራቸው ደረሰ።

ቲኬቱን ይዘው ጠረጴዛዬ ድረስ መጥተው አሳዩኝ።

«ላም አለኝ በሰማይ አሉ ጋሼ!» ብዬ ቀለድኩባቸው።

«ያንተ ላም ወተቷን አላይም ነው የሚባልላት። እኔ ግን ላያት ነው» አሉና ሳቁ። እንደዚያ ሲስቁ አይቼ አላውቅም ነበር።

ሲሄዱ ከተማው ወጥቶ ሸኛቸው። አውቶቡሱ ሳይንቀሳቀስ ነው ልጆቹ «ሐጂ! ሐጂ!» ማለት የጀመሩት። «ቆይ እስክመለስ!» ይላሉ እሳቸው በመስኮት።

ተጓዦቹን የሚያሳፍረው አንድ የውጭ አገር የአውሮፕላን ኩባንያ ነበር። ስሙን አልጠራም። ሰኞ ትሄዳላችሁ ብሎ አዲስ አበባ ሰበሰባቸው። ሰኞ «ነገ» ተባለ። ማክሰኞ «ሞተሩ ተበላሽቶ ሌላ አገር ቆሟል፤ ዕቃ እየተጠበቀ ነው» ተባለ። ሁለት ሌሊት ሆቴል አሳደሯቸው፤ ከዚያ ወዲያ ዳቦና ሻይ እየሰጡ እዚያው አውሮፕላን ማረፊያው ወንበር ላይ። ጋሽ አብዱልፈታህ ለሐጅ የሚለበሱትን ሁለት ነጭ ጨርቆች ለብሰው ነበር፤ ይለብሳሉ፣ ይጠብቃሉ፣ ጨርቁ ይቆሽሻል፣ መጸዳጃ ቤት ገብተው ጫፍ ጫፉን ያጥቡታል። ስድስት ቀን! ሰውየውን ብታውቁት፣ ከሱቁ ደጃፍ ጭቃ ሳይጠርግ የማይገባ ሰው።

ሐጅ ማለት ደግሞ ዓረፋ በሚባለው ስፍራ በአንዲት ቀን መቆም ነው። ያቺ ቀን ካለፈች ሐጁም አለፈ፤ እንደ ሌላ መንገድ ዘግይተህ አትደርስበትም። የዋዜማው ዕለት አንዲት ሴት መጥታ በረራው ተሰርዟል አለቻቸው። አንዳንዱ አለቀሰ፣ አንዳንዱ ተሳደበ። ጋሽ አብዱልፈታህ ነጩን ጨርቅ አውልቀው ካጠፉ በኋላ፣ «ልጄ፣ አንቺ ምን ታደርጊ» አሏት።

አምቦ የገቡት በዒዱ በዓል ቀን ነው። አዲስ ዓለምን፣ ጊንጪን አልፎ አውቶቡሱ መናኸሪያ ሲደርስ፣ ሙስሊሙ ከሶላት ተመልሶ በግ የሚያርድበት ሰዓት። እኔ እዚያው ነበርኩ። ልጆቹ አይተዋቸው «ሐጂ መጡ!» እያሉ ሮጡ። ከበቧቸው፣ እጃቸውን ሳሙ። እሳቸው ሻንጣቸውን መሬት አስቀምጠው፣ «ሐጂ አትበሉኝ። አልሄድኩም» አሉ። ማንም አልሰማቸውም። ደግመው አሉት። ሦስተኛውን ሲሉት ድምፃቸው ተሰበረ፤ ያኔ ልጆቹ እጃቸውን ለቀቁ። እግዚኦ፣ ያን ቀን!

በሳምንቱ ጠረጴዛዬ መጡ።

«ማሎ ኦቦ ሙለታ፣ እባክህ አንዲት ነገር ብቻ ለኩባንያው ጻፍልኝ» አሉ። «ገንዘብ አልፈልግም። ወንበሬን ለከርሞ ያቆዩልኝ። ዓይኔ ለከርሞ ያደርሰኛል። በቃ ይህን ብቻ።»

እኔ ግን ንዴቴ ጫፍ ላይ ነበር። «እንዴ ጋሼ! በዳይ እሱ፣ ለማኝ እርስዎ? ይህ እኮ ልመና ነው! ተዉት ለእኔ» አልኩ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር! የተባልኩትን መጻፍ አቅቶኝ ነው?

ግማሽ ቀን ቁጭ ብዬ አራት ገጽ ጻፍኩ። መጀመሪያ የቲኬቱ ዋጋ ይመለስ። ቀጥሎ የስድስት ቀን እንግልት። ቀጥሎ የሞራል ካሳ። በፍርድ ቤት ልማዳችን ትልቁ ይቀድማል፣ ትንሹ በጅራት ይገባል፤ ስለዚህ በመጨረሻዋ መስመር «ይህ ካልሆነ በአማራጭ፣ በሚቀጥለው ዓመት ጉዞ ወንበራቸው ይጠበቅላቸው» አልኩ። ለእኔ ትንሽ መስላኝ ነው። ከዚያ በዚያ በሚንደቀደቅ የችሎት አማርኛዬ አነበብኩላቸው። አንገታቸውን ደፍተው ሰሙ።

«ረዘመ» አሉ ብቻ።

ከኪሳቸው ሁለት ብር አወጡ። እጃቸውን ገፋሁት። «ሳንቲም አልነካም! እናቴን አብረውኝ የቀበሩ ሰው! ሞቼ ነው ከእርስዎ የምቀበለው?» ብሩን ኪሳቸው መለሱ፣ ፈረሙ፣ የካርቦን ቅጂውን ተቀብለው ሄዱ።

ታኅሣሥ ላይ መልስ መጣ። «በጠየቁት መሠረት የቲኬትዎ ዋጋ ከካሳ ጋር ተከፍሎዎታል። ስምዎ ከመንገደኞች መዝገብ ወጥቷል።» እኔ ሞኙ ያነበብኩት የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ነው! ኩባንያው እጅ ሰጠ ብዬ ከተማውን ዞርኩ። በየሻይ ቤቱ «አውሮፕላን ረታሁ» አልኩ። ጋሽ አብዱልፈታህ ገንዘቡን ተቀብለው ሳጥናቸው ውስጥ ከተቱና «አላህ ይስጥህ» አሉኝ። አንድ ክፉ ቃል አልወጣቸውም።

ያደረግሁት የገባኝ በሰባ ስምንት ክረምት ነው። አብዱልወሀብ የሚባል የጉደር ልብስ ሰፊ ያው በረራ ተሰርዞበት አብሯቸው የተመለሰ ሰው ነበር። በገዛ እጁ፣ በደብተር ወረቀት፣ በሁለት መስመር «ወንበሬን አቆዩልኝ» ብሎ ነበር የጻፈው። አቆዩለት! እሱንና እንደሱ የጻፉትን ሁሉ ጠርተው ወሰዷቸው። ሲሄድ በእኛ ከተማ አለፈ፤ ጋሽ አብዱልፈታህ መናኸሪያ ወጥተው ሸኙት። ያን ጊዜ ዓይናቸው ገና አልጠፋም። አውቶቡሱ እስኪታጠፍ ሲያዩ አየኋቸው። እኔ ከአንድ ሱቅ ጀርባ ተደብቄ ቆምኩ። እሳቸው እንደገና ተመዝግበው ነበር፤ ተራዎ ከአምስት ዓመት በኋላ ነው ተብለዋል።

በሰባ ዘጠኝ መስከረም ዓይናቸው ጨርሶ ጠፋ። ሱቁን ልጃቸው ሹኩሪያ ከማስተማር ስትመለስ ትይዝላቸው ጀመር። እሳቸው ደጃፍ ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። ሐጂ አብዱልወሀብ ከጉደር እየመጣ ያጫውታቸዋል። እኔ በሌላ መንገድ መሄድ ለመድኩ። ዓመት ሙሉ እንደዚያ! ሰው ከሰው ዓይን ይሸሻል፤ እኔ ከማያይ ዓይን ሸሸሁ።

አንድ ቀን ግን አልቻልኩም። ሄጄ አጠገባቸው ቆምኩ። ሳልናገር በሳሌ አወቁኝ።

«ኦቦ ሙለታ ነህ? ምነው ጠፋህ?»

«ጋሼ፣ ያጠፋሁዎት እኔ ነኝ» አልኩ። «ወንበርዎን ከጅራት አስገባሁት። ያሉኝን አልጻፍኩም።»

«አውቃለሁ።»

«መቼ አወቁ?»

«የዚያኑ ዕለት። ሹኩሪያ ቅጂውን ቀስ ብላ አነበበችልኝ። ‹አባዬ፣ ወንበርህን መጨረሻ አድርጎታል፤ ሂድና አስተካክል በለው› አለችኝ።»

«ታዲያ ምነው! ምነው ጋሼ?» ጮህኩ መሰለኝ፤ ሹኩሪያ ከሱቅ ወጣች።

«ከዘራዬን ይዤ ተነስቼ ነበር። ግን ምን ልበልህ? ሥራ ፈትተህ ግማሽ ቀን የደከምክበትን፣ ሳንቲም ሳትነካ የጻፍክልኝን ወረቀት ቅደደው ልበልህ? ብከፍልህ ኖሮ መጥቼ ‹አንተ ሰው፣ ያልኩህን ጻፍ!› ብዬ እቆጣህ ነበር። በነፃ ሆነብኝ። አፈርኩህ።»

እዚያው ደጃፉ ላይ ቁጭ አልኩ። እንደ ልጅ አለቀስኩ፤ አልደብቅም። እሳቸው በእጃቸው ትከሻዬን ፈልገው መታ መታ አደረጉኝ።

«ይብቃህ። እስክሪብቶ ይዘሃል?» አሉ። ከዚያ ኪሳቸውን ዳብሰው ሁለት ብር አወጡ። «በመጀመሪያ ተቀበለኝ። የአደራ ነገር ነው፤ በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ይሁን።»

ተቀበልኩ። ከዚያ አንድ በአንድ ነገሩኝ፤ እኔም እንዲህ ብዬ ጻፍኩ።

«ይድረስ ለሐጂ አብዱልወሀብ። አንተ የራስህን ሐጅ ጨርሰሃል፤ ስለዚህ ለሌላ ሰው መሄድ ትችላለህ። እኔ አርጅቻለሁ፣ ታምሜአለሁ፣ ዓይኔም ጠፍቷል። ከኩባንያው የመጣው ገንዘብ አልተነካም። ተራ ስታገኝ በእኔ ስም ሂድልኝ። ካዕባን ስታገኘው አትቸኩል፤ ረጋ ብለህ እይልኝ።»

«ምንም አልጨመርክበትም?» አሉ።

«ምንም፣ ጋሼ።»

«እስቲ አንብበው።»

ቀስ ብዬ አነበብኩት። ሲያልቅ ራሳቸውን ነቀነቁ። «አዎ። ይኸው ነው ያልኩት» አሉ።

በሰማንያ ኅዳር ሞቱ። ሐጂ አብዱልወሀብ ተራ ያገኘው በሰማንያ ሁለት ነው፤ ሄደላቸው። ተመልሶ ሲመጣ የሚነግራቸው ብዙ ነገር ይዞ ነበር፤ ለሹኩሪያና ለእኔ ነገረን።

እና አሁን አንዲት ድሃ መጥታ «ኦቦ ሙለታ፣ ለነፍስህ ብለህ በነፃ ጻፍልኝ» ስትለኝ፣ ሁለት ብር ከሌለሽ ሃምሳ ሳንቲምም ትሁን አምጪ እላታለሁ። ሰዉ ይስቃል፣ ጉዴ ትቆጣለች። ሴትዮዋ ግን ከፍላ ካነበብኩላት በኋላ ወገቧን ይዛ «እኔ እንዲህ አላልኩም! ደግመህ ጻፈው!» ትለኛለች። ደግሜ እጽፈዋለሁ።