ለአንድ ፎቶ የተበላ የዳክዬ እንቁላል

ዛሬ ዓይናችን እያየ ቁራ የባሕር ዳክዬ እንቁላል ነጥቆ በረረ። ያመቻቸለት ደግሞ የኛው ሰው ነው።

ከስቶክሆልም ወጣ ብለን በኪራይ ጀልባ ስንዝናና፣ ጓደኛዬ ፎቶ ልነሳ ብሎ አንዲት ደሴት ላይ ወረደ። «ወፎች እንቁላል ስለታቀፉ መውረድ ክልክል ነው» የሚል ሰሌዳ ፊቱ ተገትሯል።

በየዓመቱ የወፎቹን ጎጆዎች በበጎ ፈቃድ የሚጠብቁ አንዲት አሮጊት ከሸራ ጀልባቸው ላይ ጮኹ፤ «ተመለስ! እናትየዋ ከተነሳች እንቁላሉ አለቀለት!»

«ጥቁር ስላየች ነው፤ ዘረኛ!» አለ ጓደኛዬ።

«አንተ ሰውዬ፣ ሰሌዳውም ዘረኛ ነው?» አልኩት።

ዳክዬዋ ግን ደንግጣ በርራ ነበር። ልትጠፋ የተቃረበች ዝርያ ናት።

ዘረኝነትን ሥራ ስፈልግም ቤት ስፈልግም ቀምሼዋለሁ። የጥፋታችን መሸፈኛ ሲሆን ያመኛል።

ጓደኛዬ ፎቶውን ለጥፎታል። «ተፈጥሮን ስናደንቅ» ይላል።

እንዲህ ያለ አድናቂ እናንተስ ገጥሟችሁ ያውቃል? ምን አላችሁት?