በከሚሴ የቆዳ ክሊኒክ እጄን ያተረፉልኝ ሲስተር ዘሐራ

ገና አላመንኩም።

ዛሬ ጠዋት ጠመኔዬን ይዤ ክፍል ልገባ ስል ስልኬ ጠራ። ከቆዳ ክሊኒኩ ነበር። "መምህር፣ ሲስተር ዘሐራ ወደ አኼራ ሄዱ" አለችኝ አብራቸው የምትሠራው ነርስ።

"የትኛዋ ዘሐራ?" አልኳት። ከሚሴ ውስጥ ስንት ዘሐራ አለች! ሌላ ሰው እንድትሆን ነበር የፈለግኩት። አላህ ይቅር ይበለኝ፣ እግዜርም ይቅር ይበለኝ። ባለፈው ሳምንት እኮ ገበያ ላይ ማንጎ እየመረጡ "መምህር ምነው ከሳህ?" ብለውኛል።

ለማታውቋቸው ልንገራችሁ። ሲስተር ከጨፋም ከባቲም የመጣ ሰው ሁሉ ቆዳውን የሚያሳያቸው ነርስ ነበሩ። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው መነጽር የሚፈልጉ። ኦሮምኛ ጀምረው በአማርኛ የሚጨርሱ። ለመጣ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚሉት አንድ ነገር ነበር፦ "በጊዜ ነው የመጣኸው።"

አንድ ቀን ቁስሉን ለዓመታት ይዞ ለቆየ ሽማግሌም እንደዚያው ሲሉ ሰማሁና "ሲስተር፣ ይኼ እንኳ ውሸት ነው" አልኳቸው። "ነገ ከሚመጣ ዛሬ መምጣቱ በጊዜ አይደል?" አሉኝ።

እኔን ከሳቸው ጋር ያገናኘችኝ ግሬስ ናት። ግሬስ ከዛምቢያ የመጣች የውሃ መሐንዲስ ነበረች። ጨፋ ሮቢት በኩል ጉድጓድ ሲቆፈር እየሠራች እኛ ግቢ ቤት ተከራይታ ትኖር ነበር። መልኳ የኛው ስለሚመስል ሰው ሁሉ በኦሮምኛ ሰላም ይላታል፤ እሷ ደግሞ ከእንግሊዝኛ ሌላ የምትመልስበት የለም።

አንድ ጠዋት አንገቷን በሻርፕ ሸፍና መጣች። አንገቷና ደረቷ ላይ ነጣ ነጣ ያለ ነገር ወጥቷል። ኢንተርኔት ላይ ስታነብ አድራ በሽታዋን ራሷ ወስናለች። "ሥጋ ደዌ ነው፣ ወደ ሀገሬ እመለሳለሁ" አለችኝ። የእንግሊዝኛ አስተማሪ ስለሆንኩ አስተርጓሚ ሆኜ ወሰድኳት።

አግዳሚው ላይ ተራ የሚጠብቁት ሴቶች "አካም ቡልቴ?" ብለው ሰላም አሏት። አንገቷን ነቀነቀች። ሲስተር ሲያዩዋት "ተኢ፣ ተቀመጪ እናቴ" አሉና እጇን ያዙ። እኔ እያስተረጎምኩ እንኳ አንድም ጊዜ ወደ እኔ ዞረው አላወሩም። የሚያወሩት ከሷ ጋር ነው፣ ዓይኗን እያዩ፣ በአማርኛ።

በጥጥ ጫፍ አንገቷን ነኩ። "ይሰማሻል?"

ተረጎምኩ። ይሰማታል።

"እዚህስ?"

ይሰማታል።

"አብሽሪ! ቋቁቻ ነው። ሙቀት ያመጣዋል፣ በሚቀባ ይለቃል።"

ግሬስ እያለቀሰች ሳቀች። እኔ ግን እጅጌዬን ወደ ታች ሳብኩ። ክንዴ ላይ፣ ከክርኔ በታች፣ ነጣ ያለ ቦታ ነበረኝ። ከዓመት በላይ ደብቄዋለሁ። አንዴ የሻይ ፍል ውሃ ፈሶበት አላቃጠለኝም። ለሚስቴም አልነገርኳትም።

ልንወጣ ስንል ሲስተር ጠሩኝ። "መምህር፣ በዚህ የከሚሴ ሙቀት ረጅም እጅጌ?"

"ልማድ ነው" አልኩ።

አልተጫኑኝም። "ሐሙስ ጠዋት ሰው አይበዛም" ብቻ አሉኝ።

ሐሙስ ሄድኩ። ዓይኔን አስጨፈኑኝ። "ሲሰማህ ንገረኝ" አሉ። ጠበቅሁ፣ ጠበቅሁ። "ኧረ ይንኩኝ ሲስተር" አልኩ።

ለካ ሦስት ጊዜ ነክተውኛል።

ዓይኔን ስገልጥ እጄን በሁለት እጃቸው ይዘውታል። "ሂንሶዳቲን፣ አትፍራ። በጊዜ ነው የመጣኸው" አሉኝ። ስሙን ያን ቀን ከሳቸው አፍ ሰማሁት፦ ሥጋ ደዌ። መድኃኒት እንዳለው፣ እንደሚድን፣ መድኃኒቱን ከጀመርኩ ለሰው እንደማላስተላልፍ ነገሩኝ። እኔ የማስበው ስለ ሚስቴ ነበር። "እንዴት ብዬ እነግራታለሁ?" አልኳቸው።

"እሑድ ምሳ ጥሩኝ።"

መጡ። ሚስቴ "ሽሮ ነው ሲስተር፣ ሥጋ አልነካውም" አለቻቸው። "ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ፣ አቅርቢው" አሉ። እኔ ፊት ካለው እየቆረሱ በሉ። ከበሉ በኋላ ቀስ ብለው ነገሯት። ሚስቴ እጅጌዬን ሰብስባ ክንዴን አየችና "አንተ፣ ዓመት ሙሉ ለብቻህ?" አለችኝ። ያን ቀን ያለቀስኩት ከበሽታው ይልቅ ለዚህ ነው። እሷም ተመረመረች፣ ደህና ናት። እኔም መድኃኒቴን ጨረስኩ፣ ዳንኩ። መዛል ጀምረው የነበሩት ጣቶቼ ዛሬም ጠመኔ ይይዛሉ።

ግሬስ ሀገሯ ገብታለች። ዛሬ ደውዬ ነገርኳት። "ቋንቋዬን ሳያውቁ ያናገሩኝ ሰው ናቸው" አለችኝ።

ይኼን ለማንም ተናግሬ አላውቅም ነበር። ተማሪዎቼ፣ ጓደኞቼ፣ ይኸው አሁን አወቃችሁ። ገላው ላይ ነጣ ያለ፣ ስሜት የሌለው ቦታ ያለው ሰው ካለ አይደብቅ። እኔ ደብቄ ምንም አላተረፍኩም።

ሲስተር፣ ከቀብር ስንመለስ አንድ ጎረቤቴ "አንተ ክርስቲያን፣ የምን ዘመዳቸው ሆነህ ነው እንዲህ የምታለቅስ?" አለኝ። መንገድ ላይ ቆሜ ሁሉን ነገርኩት። ሰማኝና ዞር ዞር ብሎ አየ። ከዚያ ሱሪውን ከፍ አድርጎ ቁርጭምጭሚቱን አሳየኝ።

ነገ ጠዋት አብሬው እሄዳለሁ። እርስዎ ይረፉ እናቴ። አፈሩ ይቅለልዎ።