የእናቴ ሲሚንቶ ለማርያም ግድግዳ

ጭሮ፣ ጎህ ሲቀድ

እንቅልፌን ሳልጨርስ መናኸሪያ ቆሜያለሁ። እግሬ ሥር ተሸካሚው ጥሎት የሄደ አንድ ከረጢት ሲሚንቶ አለ። እናቴ ጉልበቷ ቢሻላት ከበደሳ በላይ ላለችው ማርያም ግድግዳ ተስላ ነበር። ተሻላት፤ መንገዱን ግን አትችልም። ስለት ደግሞ አያድርም፣ ስለዚህ እኔ ተላክሁ።

የዶልፊኑ ሾፌር ከረጢቱን በእግሩ ነካ አደረገው። «አቦ፣ ይሄ እንደ ሰው ይከፍላል። ወላሂ ካንቺ ይከብዳል!»

«ከከፈለማ ወንበር ስጠው» አልኩት። ሳቀና ከጫት ኬሻዎቹ መሃል ወሸቀው።

በደሳ፣ ረፋድ

ጥምዝምዙ መንገድ አናቴን አዙሮታል። የገበያ ቀን ነው፤ ፍየል፣ ሽንኩርት፣ ጃንጥላ፣ ጭቅጭቅ። ዘይት የጠገበ ሳምቡሳ በሻይ አወራርጄ ባጃጅ ያዝኩ። ባጃጁ ዳገቱ ላይ እምቢ አለ። ሲሚንቶው ተቀምጦ እኔ ገፋሁ።

ማርያም፣ ቀትር

ከግራኝ ዘመን በፊት የተተከለች ናት ይላሉ። ከወገቧ በታች የጥንቱ ጥርብ ድንጋይ ነው፤ ከዚያ በላይ ያለውን የየዘመኑ ሰው በጭቃ እየመረገ አቆይቶታል። አሁን ግን አንዱ ጎኗ በሲሚንቶ ተለስኖ እንደ እርጉዝ ሆድ ተነፍቷል።

አስተዳዳሪው ቄስ ከረጢቱን ሲያዩ ፊታቸው ጠቆረ።

«ልጄ፣ የጎዳት ይኸው ነው። እናሳምራት ብለን ለሰንናት፤ እርጥበቱ ውስጥ ታፈነ። ክረምት ሳይገባ ሲሚንቶውን ልጠን በጭቃ ካልመረግናት ትወድቃለች።»

«እናቴ እኮ ለግድግዳው ነው የተሳለችው፣ አባ።»

«ስለት አይመለስም። የጣራውን ውሃ የሚወስድ ቦይ እንሠራበታለን።»

እናቴን አውቃታለሁ። ስለቴ አልደረሰም ብላ ካሰበች ጉልበቷ ዛሬውኑ ያማታል።

ግቢው ውስጥ ጭድ የገባበት ጭቃ ቦክቶ ሰንብቷል፤ ሽታው አፍንጫ ይሰብራል። ጭዱን ከአውድማቸው ያመጡት ሙስሊሙ ጎረቤት፣ ሐጂ ኡመር፣ ተገትሬ ሲያዩኝ ጮኹ፦ «ኢንታላ! አንቺ ልጅ! መቆምም ይደክማል፤ ግቢና ርገጪ!»

ጫማዬን አውልቄ ገባሁ። ስረግጥ፣ ከሴቶቹ ጋር በመዳፌ ስመርግ ዋልኩ። ወገቤ ተቆረጠ።

ጭሮ፣ አመሻሽ

እናቴ በር ላይ ጠበቀችኝ። «ለግድግዳው ሆነ?»

«አልሆነም። ሲሚንቶ ግድግዳውን እየጣለው ነው። ለቦይ ይሁን ተባለ።»

ፊቷን አዞረች። ቆይታ ባቴ ላይ የደረቀውን አየች።

«ይሄስ?»

«የግድግዳው ጭቃ። ስመርግ ነው የዋልኩት።»

ቀስ ብላ ጎንበስ አለች። በጥፍሯ ፈርፈር አድርጋ እንደ ቤተ ክርስቲያን እምነት ጉልበቷ ላይ ቀባችው።

«እንግዲያ ደርሷል» አለች። «አንቺ ግን ዛሬ እግርሽን እንዳትታጠቢ።»

ለመታጠብስ ማን አቅም አለው? እንደዚያው ተኛሁ።