በባለቤቴ የሕይወት ታሪክ ላይ መካኗ እኔ ነኝ

ዛሬ ጠዋት ብቸና ቤቴ ቁጭ ብዬ ሳለ ስልክ ተደወለልኝ። የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። "አረፈ፤ ቶሎ ነይ" አሉኝ።

አላመንኩም። ባለፈው ማክሰኞ በስልክ አውርተን ሲስቅ ሰምቼዋለሁ። ሞጣ እስክደርስ ድረስ፣ አውቶቡስ ውስጥ፣ ሰው ተሳስቶ ነው እያልኩ መጣሁ። ድንኳኑን ሳየው ነው ያመንኩት።

ይህን ገጽ በራሴ ስም እንዳልከፈትኩት ታውቃላችሁ። የእሱንም ስም አልጽፍም። ሠዓሊ ነበር፤ በአገራችን ሠዓሊ ሞልቷል። ማን እንደሆነ አትፈልጉ። የምታውቁትም ዝም በሉ። ለምን እንደሆነ አንብባችሁ ስትጨርሱ ይገባችኋል።

አርባ ዓመት ሊሞላን ነበር ከተጋባን። የመጨረሻዎቹን አሥራ ሁለት ዓመታት እሱ ሞጣ፣ እኔ ብቸና ሆነን ኖርን። አልተፋታንም።

ባለቤቴ ሴት አይወድም ነበር። የሚወደው ወንድ ነው። በተጋባን በዘጠነኛው ዓመት ራሱ ነገረኝ። ሥዕል ይዞ ነበር፤ ፊቱን ወደ እኔ አላዞረም። "ልቤ ወደ ሴት ሄዶ አያውቅም። ከልጅነቴ እንዲህ ነኝ። ያንቺ ጥፋት አይደለም" አለኝ።

ዘጠኝ ዓመት ቆይቶ!

በዓመት አንዴ ሁለቴ፣ እንደ ግዴታ ነበር የሚቀርበኝ። አማቴ መካን ናት ብላ ለሰፈሩ ሁሉ አውርታለች። እኔም አምኜ ሦስት ዓመት ሙሉ ልጅ ስጠኝ እያልኩ ጠበል ተመላልሻለሁ። የሚሸኘኝ እሱ ነበር። ጀሪካኑን ተሸክሞ ከፊቴ ይሄዳል። እየተንቀጠቀጥኩ ስወጣ ጋቢውን አውልቆ ያለብሰኛል። እያወቀ። "መቼ ነው የምንወልደው?" ስለው፣ ለሁሉም ነገር የሚላት አንዲት ቃል ነበረችው፦ "ይድረቅ እስቲ።" ቀለሙ ሳይደርቅ አትንኩ እንደሚለው ማለት ነው።

እንዳልጠላው ደግሞ ፊደል ያስቆጠረኝ እሱ ነው። አርባ ሦስት ዓመቴ ነበር። የሱቅ ማስታወቂያ ጽፎ የተረፈውን ቆርቆሮ እየገለበጠ በቀይ ቀለም ይጽፍልኛል። "አሁን በእርጅናዬ ምን ያደርግልኛል?" ስለው፣ "ፊደሉ ካንቺ ያረጀ ነው፣ አትፈሪ" እያለ ያስቀኛል።

ዛሬ ከሰዓት አንዲት ልጅ ወደ ድንኳኑ መጣች። ስለ ሠዓሊዎች ትጽፋለች፤ ከሌላ ክፍለ ሀገር ሞጣ ባህል ጽሕፈት ቤት ተመድባ የመጣች፣ ጨዋ ናት። ነገ በቀብሩ ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ ይዛለች። በኋላ በመጽሔት ይወጣል አለች።

"እማማ፣ ላንብብልዎት?"

"አነባለሁ።"

"ጽሑፉ ደቃቅ ነው ብዬ ነው።"

"አንቺ ልጅ፣ ስጪኝ አልኩሽ።"

በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩ። አንድ ወንድ ከጀርባው የሚታይባቸው ሥዕሎች አሉት፤ ስንት ጊዜ እንደሳለው እኔ ነኝ የማውቀው። ወረቀቱ "የአርሶ አደሩ ጽናት ምልክት" ይላቸዋል። ሰውየው ማረሻ ጨብጦ አያውቅም። የደጀን ሰው ነበር፣ የጭነት መኪና ሾፌር፤ እሱም ሞቷል። ባለቤቴ ያንን ጀርባ ለምን እንደሳለ የማያውቅ ሰው ሥዕሉን ምኑን አየው?

ዝቅ ብሎ እንዲህ ይላል፦ "በባለቤታቸው የጤና ችግር ምክንያት ልጅ አላፈሩም።"

"ይህን ማን ነገረሽ?"

"ቤተሰብ ነው፣ እማማ። ለምን አልወለደም ብሎ ሰው ይጠይቃል አሉኝ።"

"እኔ ጤነኛ ነኝ።"

አንገቷን ደፋች። "ታዲያ ምን ብዬ ልጻፈው?"

የሠዓሊ፣ የዘፋኝ ሕይወት የምትጽፉ ሁሉ ይህን ስሙኝ። የት እንደተወለደ በጻፋችሁበት ድምፅ ማንን ይወድ እንደነበርም ጻፉ። አትሳደቡ፣ አታቆነጃጁ። ካስፈራችሁ ዝለሉት። በዘለላችሁት ቦታ ላይ ግን ሴት አምጥታችሁ አትወትፉ። ሴትዮዋ በሕይወት አለች፤ ታነባለች።

ለልጅቷ ይህን ልነግራት አፌን ስከፍት ወንድሙ መጡ። ቄስ ናቸው። ወደ ጎን ወሰዱኝ።

"አባ፣ ይችን መስመር ያሰርዙልኝ።"

"ከተሰረዘች ሰው ሌላ ምክንያት ይፈልጋል።"

"ይፈልግ!"

"ቀስ በይ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የሳለውን አስቢ። ይህ ነገር ከተሰማ በማግስቱ ኖራ ይለቀልቁበታል። የመቃብር ቦታም አይሰጡትም። አንቺን ማን ምን ያደርግሻል? ወለድሽ አልወለድሽ፣ በዚህ ዕድሜሽ ማን ይጠይቅሻል?"

ለካ ያውቁ ነበር። እናታቸው በሰው ፊት መካን ስትለኝ፣ አጠገቧ ተቀምጠው ያውቁ ነበር።

ልጅቷ ወረቀቱን ይዛ ትጠብቀኛለች። "እማማ፣ ትክክል ነው? ከሆነ ከግርጌው ይፈርሙልኝ።"

በድንኳኑ ቀዳዳ የቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ ይታያል። አራት ዓመት የሠራበት ነው፤ አንገቱ የጎበጠው እዚያ መሰላል ላይ ነው።

"ትክክል ነው" አልኳት። ፈረምኩ።

አንተ ሰው፣ ነገ በድምፅ ማጉያ ሲነበብ ከአስከሬንህ አጠገብ እቆማለሁ። ያ መስመር ሲደርስ ሰው ዞሮ ያየኛል፣ ከንፈሩን ይመጥልኛል። አንገቴን አልደፋም፤ አልናገርምም። ሥዕልህ ግድግዳው ላይ ይቆይልህ፣ አንተም በአባቶችህ አጠገብ እረፍ።

ይቅር ብዬሃለሁ ልልህ ነበር። ግን ለዛሬ የዋሸሁት ይበቃኛል።

ደህና ሁን።