የጫልቱ እግርና የቦሩ ሣር

ከዲላ የተነሳሁት ለንግድ አልነበረም። ባለሱቅ ነኝና፣ እንዲህ ብል ጎረቤቶቼ ስለማያምኑኝ ጥቂት ጨው ያዝኩ።

ባለቤቴ ጫልቱ ሐኪም ቤት ተኝታለች። የእግሯ ደም ሥር አብጦ ቁስሉ አልድን ብሏል፤ ካልታከመች እግሯን ታጣለች። ሐኪሙ መርፌውን ደም ሥሯ ውስጥ ሲያስገባ ግን የልቧ ምት ወረደ፤ ፊቷ አመድ መስሎ ራሷን ሳተች። ሕክምናው ተቋረጠ።

«ልቧ ጤነኛ ነው» አለኝ ሐኪሙ። «መርፌው ሲነካት ነርቯ ልቧን ቀስ በል ይለዋል። ፍርሃት ሲጨመርበት ይብሳል። የምታምነው ሰው አጠገቧ ቢሆን ይሻላል።»

«እኔ አለሁ» ብዬ ደረቴን ነፋሁ።

ጫልቱ ዓይኗን ሳትገልጥ «ወንድሜን ቦሩን አምጣልኝ» አለች።

ደረቴን መለስኩት።

ዲላ – ገደብ

በአንድ ጭነት መኪና ጋቢና ከሾፌሩና ዶሮ ካቀፉ አሮጊት ጋር ተጣበብን። ከወናጎ በኋላ በእንሰቱ ሥር ቡናው ቀልቷል፤ ዱመርሶ ላይ ሰሌን ሙሉ ተሰጥቷል። ኬላ ላይ ጠባቂው አስቆመኝ።

«ጓድ፣ ቡና ይዘሃል?»

«ጨው ነው።»

«ነጋዴ ባዶ እጁን አይመለስም። ስትመለስስ?»

«አማቼን ይዤ እመለሳለሁ።»

«እሱ ኮንትሮባንድ አይደለም፤ እለፍ!»

ገደብ ላይ ቆጮ በጎመን በአንድ ብር በላሁ። ጫልቱ አብራኝ ብትሆን ቆጮ አቆራረሴን አይታ «ይኼ ሰውዬ መድኃኒት ነው የሚውጠው?» ትል ነበር። የሚስቅብኝ አጥቼ ሳልጨርስ ተነሳሁ።

የቦሩ አገር

ከገደብ በእግር ቁልቁል ወረድኩ። እንሰቱ አለቀ፤ የሣሩ አገር ጀመረ። ቦሩን በእሾህ ከታጠረ መስክ ዳር አገኘሁት።

«ሶዳ!» አለኝ፤ አማች ማለቱ ነው። የእህቱን ነገር ስነግረው ወደ ሣሩ ዞረ። መስኩን ካሎ ይሉታል። ክረምቱን ተዘግቶ ከርሞ በበጋ ለጥጆችና ለሚታለቡ ላሞች ብቻ ይከፈታል።

«እንደተዘጋ ተወውና እንሂድ» አልኩት። «መጋዘን ውስጥ ያለ ዕቃ የት ይሄዳል?»

«ሣር ጨው አይደለም። እንዲያውም ዘግይቻለሁ። ረጅሙ እንጨት ሆኗል፤ ጥጃ የሚወደው አጭሩ ፀሐይ አጥቶ ከሥር እየሞተ ነው። መጋጥ አለበት።»

«ታዲያ ክፈተው!»

«ከፍቼ ብሄድ የመንደሩ ከብት ሁሉ ይገባል። ያንን እይ!» ከአጥሩ ውጭ መሬቱ ተራቁቷል፤ የቀረው ከብት የማይነካው መራራ ቅጠል ብቻ ነው።

ወደ ቤቱ ዞሮ ሚስቱን ጠራ። ከዚያ እሾሁን በዱላው ገፋና ላሞቹን አስገባ። ሚስቱን በሩ ላይ አቆማት።

«የምትታለብ ብቻ!»

«በሬ ቢነዱብኝስ?»

«ስደቢያቸው።»

«እሱን ለእኔ ተወው» አለች።

ሐኪም ቤት

ጫልቱን እግሯን ከፍ አድርገው አስተኟት። ቦሩ ግንባሯን ይዞ ተቀመጠ። መርፌው ሲገባ የእጇን አንጓ የያዘችው ነርስ «እየወረደ ነው» አለች። ሐኪሙ እጁን ገታ። እኔ ግድግዳውን ያዝኩ።

ቦሩ ጎንበስ ብሎ በቋንቋቸው «ካሎው ተከፈተ» አላት።

«የትኛዋ ላም ቀድማ ገባች?» አለች በደከመ ድምፅ።

«ቡሬ።»

«ውሸታም! ቡሬ ካልገፏት በር አልፋ ታውቃለች?»

ክርክር ገጠሙ። ነርሷ ጥቂት ቆይታ «ተመለሰ» አለች። ሐኪሙ የልቧን ምት የሚመልስ መድኃኒት አዘጋጅቶ ነበር፤ ሳይነካው ሥራውን ጨረሰ።

ቤት

ቦሩ በማግሥቱ ወደ ሣሩ በረረ። ቁስሉ ሲደርቅ ጫልቱን ምርኩዝ አስይዤ ወደ ቤት መለስኳት። ደጃፉ ላይ ቆማ እግሯን አጠፍ ዘርጋ አደረገች።

«ድኗል አይደል?»

«ድኗል።»

«ታዲያ መቼ ነው የምንሄደው?»

«ወዴት?»

«ወደ ካሎው ነዋ! ሣሩ ሳያልቅ።»

መንገዱ ያስተማረኝ ነገር ያን ጊዜ ገባኝ። እሷ ሐኪም ቤት ስትተኛ ባዶ ቤት ውስጥ መቀመጥ አቅቶኝ ሱቄ ውስጥ አድር ነበር። እሷ ግን ከእኔ ጋር ስትስቅ፣ ስትሰድበኝ፣ ያንን ሣር ይህን ሁሉ ዓመት እኔ እሷን እንደናፈቅኩ ስትናፍቅ ኖራለች። እኔ ደግሞ አገሯ ሱቄ ይመስለኝ ነበር።

«ቅዳሜ እንሄዳለን» አልኳት።

«ቅዳሜ እኮ ገበያ ነው።»

«አውቃለሁ» አልኳት።