የመዝገቡ ሁለት ሣጥን ሸክላ

መዝገቡ ዘውገ ድምፁ ባይሰበር ኖሮ ዕድሜውን በቤተ ክርስቲያን ይጨርስ ነበር። አባቱ ግራጌታ ዘውገ ከደብረ ታቦር የግማሽ ቀን መንገድ በምትርቅ የገጠር ደብር በማኅሌት የግራውን ወገን የሚመሩ የታወቁ ባለዜማ ናቸው። አንድ ልጃቸውንም የድጓ መምህራን ወደሚመሰክሩባት ቤተልሔም ድረስ ልከው ድጓ አስተማሩት። ዘጠኝ ዓመት ተማረ። ሊመረቅ ጥቂት ሲቀረው ጉሮሮው ታሞ ሦስት ወር ተኛ፤ ሲነሣ ከአፉ የሚወጣው የተቀደደ ከበሮ ድምፅ ሆነ። መምህሩ አዝነው፣ «ልጄ፣ ጆሮህስ የሊቅ ነው፤ ጉሮሮህ እምቢ አለ እንጂ» ብለው መርቀው አሰናበቱት።

አባቱ አንድም ክፉ ቃል አልተናገሩትም። ዝም አሉ እንጂ። መዝገቡ ያንን ዝምታ አልቻለውም። ደብረ ታቦር ወርዶ ሬዲዮ ጠጋኝ ዘንድ ተቀጠረ፤ በስድስተኛው ዓመት፣ በ1974፣ ከገበያው በላይ ካለው መንገድ ዳር አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይቶ ካሴት መቅዳት ጀመረ። የከተማው መብራት ቀን ቀን ስለማይኖር ቴፖቹን በመኪና ባትሪ ነው የሚያሠራቸው። ሰውም «ደብተራው» ይለዋል፤ እሱም ይሁን ብሎ በሩ ላይ «ደብተራው ሙዚቃ ቤት» ብሎ ጻፈ።

ካሴቶቹን የሚቀዳባቸውን የሙዚቃ ሸክላዎች የሰጡት ባለሆቴሏ እትዬ እቴነሽ ናቸው። አንደኛውን ሣጥን ለውጥ ሲመጣ ወደ አገሩ የተመለሰ ፈረንጅ አስተማሪ፣ ሌላውን ደግሞ መንገድ ሥራ ካምፕ የነበረ ጣሊያን መካኒክ «አደራ» ብለው ትተውባቸው ሄደው በዚያው ቀርተዋል።

«ዕቃ ቤቴን አጣበቡት፤ ውሰድና ለሆቴሌ ጥሩ ጥሩውን ቅዳልኝ» አሉት።

ሣጥኖቹ ውስጥ የነበረው ከሃያ ዓመት በፊት የተዘፈነ የፈረንጅ የፍቅር ዘፈን ነው። መዝገቡ አንዱን ሸክላ ከአንዱ ሲያስተያይ አንድ ነገር አስተዋለ። ብዙዎቹ ዘፈኖች በሁለቱም ሣጥን አሉ። የአስተማሪው ሸክላ ላይ «ስቴሪዮ»፣ የመካኒኩ ላይ «ሞኖ» የሚል ተጽፏል። አንዱን ዘፈን ከሁለቱም አጫወተው። ቃሉ ያው፣ ዘፋኙ ያው፤ ዘፈኑ ግን ያው አይደለም። በስቴሪዮው ዘፋኙ ቀኝ ጥግ ለብቻው ቆሟል፤ ከበሮውና ጊታሩ ግራ ተሰብስበዋል፤ መካከሉ ባዶ ሜዳ ነው። በሞኖው ሁሉም በአንድ በር ተጋፍተው ይወጣሉ፤ ከበሮው ደረት ይመታል። በዚያ ላይ ዘፋኙ መጨረሻ ላይ ፍርፍር ብሎ ይስቃል፤ ያ ሣቅ በስቴሪዮው ፈጽሞ የለም።

መዝገቡ ብድግ ብሎ ቆመ። ቀኝና ግራ ማለት ለእሱ እንግዳ ነገር አይደለም። ቀኝ ጌታው ሲያነሣ ግራ ጌታው ሲቀበል፣ በሁለት ረድፍ መካከል ቆሞ ነው ያደገው። ሁለት ወገን የሚያምረው ሲቀባበል ነው፤ ካልተቀባበለ ሁለት ሰው በየፊናው ሲጮህ ማለት ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እያንዳንዱን ዘፈን ከሁለቱም ሸክላ እየደጋገመ ሰምቶ፣ የሚሻለውን ብቻ ይቀዳ ጀመር። አንዳንዱ ሞኖው ይሻላል። አንዳንዱ ደግሞ፣ በተለይ ሦስት ሴቶች ከቫዮሊን ጋር የሚዘፍኑት፣ ሞኖው ቫዮሊኑን ይውጠዋልና ስቴሪዮው ይበልጣል። በካሴቱ ሽፋን ላይ ከየዘፈኑ ጎን «ሞ» ወይም «ስ» ብሎ ይጽፋል። ደንበኞቹ ምን እንደሆነ አያውቁም፤ አይጠይቁም።

ነገሩን ያወጣው ሾፌሩ አያሌው ነው። አያሌው ከደብረ ታቦር ባሕር ዳር እህል የሚያመላልስ የጭነት መኪና ሾፌር ሲሆን፣ አንድ ቀን ፊቱ ቀልቶ ካሴት ይዞ ገባ።

«ደብተራው፣ ይኼን እይልኝ! ከባሕር ዳር ዘፈን ብዬ ገዝቼ ዘፋኙን ሸጠው ጨርሰው ነው የሰጡኝ። ከወረታ እስከዚህ ጊታር ብቻ!»

መዝገቡ ካሴቱን በራሱ ቴፕ ሰማውና ፈገግ አለ። «የመኪናህ ስፒከር ሁለቱም ይሠራል?»

«የቀኙ ከሞተ ዓመቱ።»

«ዘፋኙ ያለው እዚያ ነው። ከሞተው ስፒከር ጋር ቀብረኸዋል።»

ያንኑ ዘፈን ከሞኖው ሸክላ ቀድቶ ሰጠው። አያሌው መኪናው ውስጥ ሆኖ ጥቂት እንደሰማ ጥሩምባውን እስከ ገበያው የሚሰማ አድርጎ ነፋው። ከዚያ በኋላ በየደረሰበት፣ በሐሙሲትም በወረታም፣ «እውነተኛ ዘፈን ደብረ ታቦር ነው» እያለ ሰበከ። ሾፌሮች ይመጡ ጀመር፤ ነርሶችና አስተማሪዎች ተከተሉ።

ወሬው ባሕር ዳር ሞላ የሚባል የትልቅ ሙዚቃ ቤት ባለቤት ጆሮ ገባ። ሞላ ዘናጭ፣ ተናጋሪ ሰው ነው። በጥቅምት 1976 መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ከአያሌው መኪና ወረደና የመዝገቡን በር ሞላው።

«ሞኖ የሚሸጠው አንተ ነህ? ወንድሜ፣ ሞኖ እኮ ሞቷል! ዓለም ስቴሪዮ ከያዘ ስንት ዘመኑ፤ አንተ ለሕዝቡ አሮጌ ትቸረችራለህ።»

«አሮጌና አዲስ አልልም» አለ መዝገቡ በዚያ በተሰበረ ድምፁ። «የሚያምርበትን ነው የምቀዳው።»

«ማን ፈራጅ አደረገህ?»

«እንግዲያስ ሰው ይፍረደን።»

እትዬ እቴነሽ አዳራሻቸውን ፈቀዱ። የቀበሌው ሊቀመንበር ግን «የኢምፔሪያሊስት ዘፈን ነው» ብሎ ትንሽ አንገራገረ፤ በኋላ ግን መክፈቻው የአብዮት መዝሙር እንዲሆንና እሱም የፊት ወንበር እንዲይዝ ተስማምተው ፈቀደ። ቀኑ ለቅዳሜ ገበያ ተቆረጠ። ውሉ ቀላል ነው፦ አሥር ዘፈን፤ እያንዳንዱ ከሞላ ካሴትና ከመዝገቡ ካሴት በየተራ በሁለት ትልልቅ ስፒከር ይሰማል፤ እትዬ እቴነሽ ከመጋረጃ ጀርባ ሆነው ይቀያይራሉ፤ የማን እንደሆነ ማንም ሳያውቅ ሰው እጁን ያወጣል።

ቅዳሜ አዳራሹ ጢም አለ። መዝሙሩ አልቆ ጸጥ እንዳለ በሩ ብርግድ አለና ግራጌታ ዘውገ መቋሚያቸውን ይዘው፣ ላብ በላብ ሆነው ገቡ። መዝገቡ ደነገጠ።

«አባየ! ምነው? ምን ሆኑ?»

«ገበያ ላይ ‹መዝገቡ ዛሬ አዳራሽ ይፈረድበታል› ብለው ነገሩኝ» አሉ ሽማግሌው ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ። «ምን አደረግህ ልጄ? የት ሊወስዱህ ነው?»

ዘመኑ እንዲህ ያለ ነገር በቀልድ የማይታይበት ነበርና ሰው ሁሉ ዓይኑን ወደ ሊቀመንበሩ መለሰ። ከዚያ ሊቀመንበሩ ራሱ ሣቀ፤ ሰው ሁሉ ተከተለው። መዝገቡ አባቱን ደግፎ አስቀመጣቸውና የሆነውን ሁሉ ነገራቸው። ግራጌታ መቋሚያቸውን አገጫቸው ሥር አስደግፈው፣ «እህልን አላምጦ፣ ነገርን አዳምጦ ነው። ይሰማ እንግዲህ» አሉ።

ከአሥሩ ዘፈኖች ለሦስቱ መዝገቡም እንደ ሞላ ስቴሪዮውን መርጦ ስለነበር ለፍርድ አልቀረቡም። ሞላ ገርሞት፣ «አንተም ስቴሪዮ ትቀዳለህ እንዴ?» ሲል፣ መዝገቡ ትከሻውን ብቻ ነቀነቀ። የቀሩት ሰባቱ ነበሩ። በመጀመሪያው አዳራሹ ከሞላ ጎደል በሙሉ እጁን ለሞኖው አወጣ። በሁለተኛውም እንዲሁ። በሦስተኛው ግን የሞላ ካሴት አሸነፈ፤ መዝገቡ ራሱ ሳያውቀው እጁ ለሞላ ወጥቶ ነበር። በሱቁ ትንንሽ ስፒከሮች ያልሰማውን የጀርባ ክራር መሳይ ድምፅ እዚህ ሰማ። «ይኼን ተሳስቻለሁ» አለ ጮክ ብሎ፤ ሰው አጨበጨበለት።

በአራተኛው ነበር ነገሩ የተለየው። የመጀመሪያው ካሴት ሲጫወት ድምፁ ሰፊ፣ የሚያስተጋባ፣ ትልቅ መስሎ አዳራሹን ሞላው። ሰው እጁን ሊያነሣ ሲል ግራጌታ ዘውገ መቋሚያቸውን ወለሉ ላይ ጠቅ አደረጉ።

«ቆዩማ። ይኼ ቀኝና ግራ አይደለም። አንድ ሰው ነው፤ ወፍራሙን በግራ፣ ቀጭኑን በቀኝ ከፍለው ዋሻ ውስጥ ያስጮኹት። ማንም ከማንም አልተቀባበለም።»

ሞላ ፊቱ ተለወጠ። ሊያስተባብል የሸክላውን ሽፋን ከቦርሳው አውጥቶ ከጀርባው ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ ለአንድ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ሰጠ። አስተማሪው አነበበና፣ «እውነታቸውን ነው፤ ሞኖ የነበረውን በመሣሪያ ስቴሪዮ አስመስለነዋል ይላል» አለ።

አዳራሹ በጩኸት ተናጋ። አያሌው ወንበር ላይ ወጣ። መዝገቡ ግን የሚያየው አባቱን ነበር። እሱ ይህን ለማወቅ ሁለት ወር ፈጅቶበታል፤ እሳቸው በአንድ ጊዜ ሰሙት። ሽማግሌውም ዞረው አዩት።

«ይኼን ለይተህ ነው የምትቀዳው?»

«አዎ፣ አባየ።»

«የኔታ ጆሮህ የሊቅ ነው ብለው ሲልኩብኝ እኔ የሰማሁት ስለ ጉሮሮህ ብቻ ነበር» አሉ። «አላዳመጥኳቸውም።» እጃቸውን ትከሻው ላይ ጣል አድርገው እስከ መጨረሻው ዘፈን አላነሡትም።

ከሰባቱ ስድስቱን መዝገቡ አሸነፈ። ሞላ ለክብሩ ያህል ትንሽ አጉረመረመ፤ ነጋዴ ነውና ቶሎ ወደ ንግዱ ተመለሰ። «ከእያንዳንዱ መቶ ካሴት ቅዳልኝ» አለ።

«እቀዳለሁ። ግን ‹ሞ› እና ‹ስ› የምትለዋን ፊደል እንዳትፍቅብኝ። ሽፋኑ ላይም መዝገቡ ዘውገ፣ ደብረ ታቦር ብለህ ታሳትማለህ።»

ሞላ እጁን ዘረጋ፤ ተጨባበጡ።

በኅዳር መጨረሻ መዝገቡ ከአያሌው ጋር ባሕር ዳር ወረደ። መኪናው ሐሙሲትን አልፎ ሐይቁ ዳር ሲደርስ ፀሐይዋ ገና አናት ላይ ነበረች። በሙዚቃ ቤቶቹ መንገድ በእግሩ ሄደ። አንደኛው በር ላይ ያ የሚስቀው ዘፋኝ ይጮኻል። ሁለተኛው በር ላይም እሱው ነው፤ ግማሽ ስንኝ ወደኋላ ቀርቶ። ሦስተኛው ጋ ደግሞ ሦስቱ ሴቶች ከነቫዮሊናቸው ቀኝና ግራ ይቀባበላሉ። አንዲት ወጣት ካሴቱን አገላብጣ ሽፋኑን እያነበበች ሻጩን፣ «ይኼ ‹ሞ› የተባለው ምንድን ነው?» አለችው። ሻጩ አላወቀም። መዝገቡ ጠጋ ብሎ፣ በዚያ በተቀደደ ድምፁ፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ ያስረዳት ጀመር።