ሽማግሌ ልኬ ጆይስቲክ ጠገንኩ

ይህ ነገር የገጠመኝ ያለፈው ዓመት፣ ፋሲካ ካለፈ በኋላ ባለ አንድ እሁድ ነው። ልርሳው ብል እንኳ ባለቤቴ አታስረሳኝም፤ እንግዳ በመጣ ቁጥር ታወራዋለች።

እዚህ ስቶክሆልም፣ የጌምና የበረራ መለማመጃ መሪዎች፣ ፔዳሎችና ጆይስቲኮች ከኮምፒውተር ጋር እንዲግባቡ ድራይቨር የሚባል ፕሮግራም እጽፋለሁ። እንደ ቶልክ፣ እንደ አስተርጓሚ በሉት፤ መሣሪያው የሚለውን ለኮምፒውተሩ ይተረጉማል።

የዚያን እሁድ የዛሬዋን ባለቤቴን ሰላምን ለትዳር እንዲጠይቁልኝ ሦስት ሽማግሌዎች ሶለንቱና ወዳለው የአባቷ ቤት ላክሁ። እኔ እንደ ወጉ ደጃቸው አልደረስኩም፤ እዚያው ሰፈር ባቡር ጣቢያ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ስልክ እጠብቃለሁ።

ስልኬ ጮኸ። የሽማግሌዎቹ አፈ ጉባኤ ጋሽ ታደሰ ናቸው።

«ቶሎ ና!»

«ምነው፣ እምቢ አሉ?»

«እሱማ ገና ነው። ሥራው ምንድነው ሲሉን ነገርናቸው። አሁን አባትየው ጆይስቲክ ይዘው ቆመዋል።»

ወይ ጉድ! ጠያቂው ራሱ በሽምግልናው ላይ ሲገኝ የት ታይቷል? ቁና ቁና እየተነፈስኩ ደረስኩ።

የሰላም አባት አቶ ደምሴ ጡረታ ከወጡ ወዲህ፣ እሁድ እሁድ ከቅዳሴ መልስ በኮምፒውተር አውሮፕላን ያበራሉ። ጎንደር ሳያርፉ ምሳ አይቀርብም። አዲስ ኮምፒውተር ከተገዛላቸው ጀምሮ ግን ያ አሮጌ ጆይስቲክ አልታወቅ ብሎ መሬት ላይ ቀርተዋል። ሰላምታዬን በቅጡ ሳይቀበሉ «እስቲ እንይህ» አሉኝ። ሽማግሌዎቼ ደግሞ «መልስ ሳናገኝ አንቀመጥም» ብለው እንደቆሙ ናቸው። ሰላም ከማድ ቤት በር ላይ ሳቋን አፍና ታየኛለች።

ላፕቶፔ ሁልጊዜ ጀርባዬ ላይ ነው፤ አውጥቼ መጻፍ ጀመርኩ። ጨርሼ ኮምፒውተራቸው ላይ ስጭነው ጆይስቲኩ ታወቀ። አቶ ደምሴ ሞተር አስነሥተው ፍጥነት ያዙና፣ አፍንጫውን ቀና ሊያደርጉ ወደ ራሳቸው ሳቡት። አውሮፕላኑ በአፍንጫው ተተከለ።

ክው አልኩ።

«ልጄንም እንዲህ ነው የምትይዛት?» አሉ።

ላይና ታቹን ገልብጬ ጽፌው ኖሯል። የጎደለችው አንዲት የመቀነስ ምልክት ናት። አስገባኋትና እንደገና ጫንኩት።

አሁን ተነሣ! አቶ ደምሴ ሁላችንንም ረሱን። እኔ የፈራሁት «እንመካከርበት፣ ሌላ ቀን ተመለሱ» እንዳይሉ ነው። በመጨረሻ ጋሽ ታደሰ እግራቸውን እያፈራረቁ «ኧረ አቶ ደምሴ፣ መልሱስ?» አሉ።

አቶ ደምሴ ዓይናቸውን ከስክሪኑ አልነቀሉም።

«ቁጭ በሉ እንጂ! ይሄን ልጅ አሁን ማን ይለቀዋል?»

ጋሽ ታደሰ እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸውም። እኔ ግን እንባዬ መጣ።

ከተጋባን ወዲህ ኮምፒውተራቸው አፕዴት ባደረገ ቁጥር አማቴ መጀመሪያ የሚደውሉት ለእኔ ነው። ሰላም «አባዬ እኔን አልዳረኝም፣ አንተን ነው የቀጠረህ» እያለች ታሾፍብኛለች። ትበለኝ። ደስ ብሎኛል፤ ሥራውንም አልለቅም።